ስለ ኳታር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ጋዙ፣ ገንዘቡ፣ ጎረቤቶቿ

የባሕረ ሰላጤውን ነገሥታት ሁሉ «ነዳጅ ያላቸው ዓረቦች» ብሎ መጠቅለል ተለምዷል። ኳታር ግን ከሳዑዲም ከኩዌትም በተለየ መንገድ የከበረች አገር ናት። መንገዱን ያላወቀ ሰው የውጭ ፖሊሲዋ ግራ ያጋባዋል፤ ባንድ እጇ የአሜሪካንን ጦር ሰፈር፣ በሌላው የታሊባንን ቢሮ ይዛ እንዴት እንደምትኖር አይገባውም። ከታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኳታር የከበረችው በነዳጅ ዘይት ነው ወይስ በጋዝ?

በጋዝ ነው። ዘይትም አላት፤ በምዕራብ ዳርቻዋ ዱኻን በተባለው ስፍራ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተጀመረበት ሰሞን ተገኘ። ጦርነቱ ሥራውን አስቁሞት ቆየና የመጀመሪያው ጭነት የወጣው በ1949 መጨረሻ ነው። ሆኖም ከሳዑዲ ወይም ከኩዌት ዘይት ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። በጥር 2019 ከነዳጅ ላኪ አገሮች ማኅበር ከኦፔክ ስትወጣ ገበያው ብዙም ያልደነገጠው ለዚህ ነበር።

ትልቁ ሀብት ኖርዝ ፊልድ የሚባለው የጋዝ መስክ ነው። ሼል በ1971 ከሰሜን ምሥራቅ ዳርቻዋ ማዶ ባሕር ውስጥ አገኘው። በዓለም ከታወቁት የጋዝ መስኮች ሁሉ ይበልጣል፤ ያኔ ግን ዜናው ማንንም አላስፈነደቀም። ዘይት በርሜል ውስጥ ገብቶ የትም ይሸጣል፤ ጋዝ ግን ቧንቧ ይፈልጋል፤ በቧንቧ የሚደረስባቸው ጎረቤቶች ደግሞ ለብዙ ገንዘብ የሚበቃ ገበያ አልነበራቸውም። ስለዚህ መስኩ ለሃያ ዓመት ያህል ተቀመጠ፤ የመጀመሪያው ምርት የወጣው በ1991 ነው።

ከዘይቱ በፊት በምን ይተዳደሩ ነበር?

በሉል። ወንዶቹ በሙቀቱ ወራት ለጠለቃ ወደ ባሕር ይወርዱ ነበር፤ ጠላቂው ለመርከቡ አለቃ ዕዳ ስለነበረበት የዘንድሮው ሥራ የአምናውን ብድር ከመክፈል አያልፍም። በ1920ዎቹ ጃፓኖች በእርባታ ያመረቱት ሉል ገበያውን ሞላው፤ ቀጥሎ የ1929ኙ የዓለም የኢኮኖሚ ውድቀት መጣ። ኳታር ውስጥ ረሃብ ገባ፤ ብዙ ቤተሰብ ተሰደደ። አንድ ዕቃ ብቻ ሸጦ የሚኖር አገር ዕቃው ሲረክስ ምን እንደሚገጥመው ያዩት ያኔ ነው።

«ጋዙ የኢራንም ነው» ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

አዎ። ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል እንጂ ኳታርን ለመረዳት ከሁሉ የሚቀድመው እሱ ነው። መስኩ ወደ 9,700 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ 6,000 ያህሉ በኳታር ውሃ ሥር ነው፤ ቀሪው በኢራን በኩል ሆኖ ሳውዝ ፓርስ ይባላል። ባሕሩ ላይ የድንበር መስመር አለ፤ ከሥር ባለው ዓለት ውስጥ ግን አጥር የለም። አንዱ ወገን አብዝቶ ሲቀዳ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጋዙም ወደዚያው ወገን ሊሳብ ይችላል። ኢራን በማዕቀብ ተይዛ ቴክኖሎጂውንና ገንዘቡን ስታጣ ኳታር ቀድማ ሮጠች።

እንግዲህ ሳዑዲ ከኢራን ጋር ስትጣላ ኤምባሲ ዘግታ መቀመጥ ትችላለች። ኳታር አትችልም። የመንግሥቷ ገቢ የሚቀዳበትን ጉድጓድ ከቴህራን ጋር ትጋራለች፤ ጭነቷ በሙሉ የሚያልፍበት የሆርሙዝ ሰርጥም አንዱ ዳርቻው ኢራን ነው። የሳዑዲና የኤሚሬትስ ዘይት በከፊል ሰርጡን ዘሎ በቧንቧ ይወጣል፤ የኳታር ፈሳሽ ጋዝ ግን ሌላ በር የለውም።

ጋዝ በመርከብ የሚጫነው እንዴት ነው?

ወደ 162 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ይሆናል፤ መጠኑም ስድስት መቶ ጊዜ ያህል ይቀንሳል። ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፤ ሥራው ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ከባሕር ወለል የሚመጣው ጋዝ ንጹሕ አይደለም። ውሃ፣ ኮንዴንሴት የሚባለው ቀላል ዘይት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ መርዛማው ሃይድሮጅን ሰልፋይድና በጥቂቱ ሜርኩሪ ተቀላቅለውበት ከዶሃ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ራስ ላፋን የኢንዱስትሪ ከተማ በቧንቧ ይደርሳል። መጀመሪያ ፈሳሹ ከጋዙ ይለያል። ቀጥሎ አሚን በሚባል ኬሚካል ታጥቦ ካርቦን ዳይኦክሳይዱና ሃይድሮጅን ሰልፋይዱ ይወጣሉ፤ ከሁለተኛው ድኝ ተሠርቶ ለማዳበሪያ ፋብሪካዎች ይሸጣል። ከዚያ ጋዙ ይደርቃል፣ ሜርኩሪው ይጠፋል፣ በመጨረሻም ይቀዘቅዛል።

ቅደም ተከተሉ የሚዛነፍ አይደለም። ውሃ ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተርፎ ወደ ማቀዝቀዣው ከገባ በረዶ ሆኖ ቱቦዎቹን ይደፍናል። ሜርኩሪ ካመለጠ የማቀዝቀዣውን አሉሚኒየም ይበላል፤ ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ፣ ጋዝ ማፍሰስ ሲጀምር ነው። የአየሩ ሙቀትም ራሱን የቻለ ችግር ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ማቀዝቀዣዎቹ ሙቀቱን የሚያስወግዱት በጭንቅ ስለሆነ ያው ማሽን ከቀዝቃዛዎቹ ወራት ያነሰ ያመርታል።

ከሚቀረው ጋዝ ውስጥ ሂሊየም ይወጣል። የሆስፒታል የኤምአርአይ ማሽኖችና የቺፕ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ይህ ጋዝ ከዓለም አቅርቦት ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያም የሚበልጠው ከራስ ላፋን ነው። ራስ ላፋን ሥራ ባቆመች ቁጥር መጀመሪያ የሚጮኹት የጋዝ ገዢዎች ብቻ አይደሉም።

መርከቦቹም ተለይተው የተሠሩ ናቸው። ኪው ፍሌክስ የሚባሉት 210,000 ሜትር ኩብ አካባቢ፣ ኪው ማክስ የሚባሉት ደግሞ 266,000 ሜትር ኩብ ይይዛሉ። ብዙ በመጫናቸው ለአንድ ጭነት የሚወጣው ወጪ ይቀንሳል፤ ጉዳታቸው ደግሞ ከመጠን በላይ ትልቅ በመሆናቸው ማንኛውም ወደብ ሊያስተናግዳቸው አለመቻሉ ነው።

ዋጋው እንዴት ይተመናል? የ27 ዓመት ውል የሚፈረመውስ ለምንድን ነው?

የመጀመሪያው ጭነት በ1996 መጨረሻ ወደ ጃፓን ሄደ። ከዚያ በፊት የሆነው ነገር ዛሬም የሚሠራበትን ሥርዓት ያሳያል፦ ፋብሪካው ሳይገነባ የጃፓኑ ቹቡ ኤሌክትሪክ በዓመት 4 ሚሊዮን ቶን ለመግዛት ተዋዋለ፤ ባንኮች ያበደሩት ያንን ውል መያዣ አድርገው ነው። ማለትም ደንበኛው ተፈርሞ ካልተያዘ ፋብሪካ አይኖርም። በኅዳር 2022 ከቻይናው ሲኖፔክ ጋር ለ27 ዓመት በዓመት 4 ሚሊዮን ቶን፣ በ2023 ደግሞ ከቶታል ኢነርጂስ፣ ከሼልና ከኤኒ ጋር ተመሳሳይ ርዝመት ያላቸው ውሎች የተፈረሙት በዚሁ ሥሌት ነው።

ዋጋው በአብዛኛው ብሬንት ከሚባለው የዓለም መለኪያ ዘይት ዋጋ ጋር ይታሰራል። ለምሳሌ ውሉ «የብሬንት 12 በመቶ» ይላል እንበል። ዘይት በበርሜል 70 ዶላር ከሆነ የጋዙ ዋጋ ለአንድ ሚሊዮን ቢቲዩ (ቢቲዩ የሙቀት ኃይል መለኪያ ነው) 8.40 ዶላር ይሆናል። አንድ ኪው ፍሌክስ መርከብ የዚህን የአንድ ሚሊዮን ቢቲዩ ከ4.5 ሚሊዮን እጥፍ በላይ ስለሚጭን ጭነቱ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ማለት ነው። የሚታሰበው የዘይት ዋጋ የተወሰኑ ወራት አማካይ ስለሆነ ዘይት ዛሬ ሲወድቅ የኳታር ገቢ የሚወድቀው ከወራት በኋላ ነው።

ገዢዎችን የሚያስኮርፈው ሌላው አንቀጽ የመዳረሻ ገደቡ ነው፦ ጭነቱን ከተስማሙበት ወደብ ውጭ ወስደህ መሸጥ አትችልም። የጃፓኑ ጄራ በዓመት 5.5 ሚሊዮን ቶን ይገዛበት የነበረውን ውል በ2021 ሲያበቃ አላደሰውም። ኳታር ግን ብዙ አልተጨነቀችም፤ በቀጣዩ ዓመት ሩሲያ ዩክሬንን ወርራ አውሮፓ ጋዝ ፍለጋ ሲራወጥ ጀርመኖች ራሳቸው ዶሃ መጡ።

ይህን ያህል ጋዝ እያላት ለ12 ዓመት ማስፋፋቱን ያቆመችው ለምን ነበር?

በ2005 አዲስ የኤክስፖርት ፕሮጀክት እንዳይጀመር ታገደ። ምክንያቱ የመስኩን ጠባይ ማጥናት ነበር፤ ባንድ ጊዜ ብዙ ጉድጓድ ተቆፍሮ ግፊቱ በፍጥነት ከወረደ መመለሻ የለውም። ቀድመው የተፈቀዱት ግንባታዎች ግን ቀጠሉና በታኅሣሥ 2010 በዓመት 77 ሚሊዮን ቶን የማምረት አቅም ላይ ተደረሰ።

እገዳው የተነሳው በሚያዝያ 2017 ነው። አሁን ያለው ዕቅድ በኖርዝ ፊልድ ኢስት 32 ሚሊዮን ቶን፣ በኖርዝ ፊልድ ሳውዝ 16 ሚሊዮን ቶን፣ በየካቲት 2024 በተነገረው በኖርዝ ፊልድ ዌስት ደግሞ ሌላ 16 ሚሊዮን ቶን ጨምሮ አቅሙን ወደ 142 ሚሊዮን ገደማ ማድረስ ነው። ኢራንም በበኩሏ ስትቀዳ ስለከረመች ዝም ብሎ መቀመጡ ምርጫ አልነበረም።

ዘይት ሲረክስ በጀቱ ምን ይሆናል?

የገንዘብ ሚኒስቴሩ በጀት የሚያወጣው ዘይት ከሚሸጥበት ባነሰ ዋጋ ታስቦ ነው። የ2025ቱ በበርሜል 60 ዶላር ተይዞ ነበር። ዋጋው ከዚያ ከበለጠ ትርፉ ወደ ዕዳ ክፍያ፣ ወደ ማዕከላዊ ባንክ መጠባበቂያና ወደ ሀብት ፈንዱ ይከፋፈላል።

የኳታር ገንዘብ ሪያል ከ2001 ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.64 ሪያል ተብሎ በይፋ ተቸንክሯል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ጋዙ በዶላር ይሸጣል፣ ባለሀብቱም የምንዛሪ ሥጋት የለበትም፤ ወደ ቤተሰቡ ገንዘብ የሚልከው ሠራተኛም የሪያሉን ዋጋ በየቀኑ መጠየቅ አያስፈልገውም። ጉዳቱ ደግሞ የወለድ ምጣኔን በራስ መወሰን አለመቻል ነው፤ የአሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭ ሲያነሳ ዶሃ ታነሳለች፣ አገር ውስጥ ንግዱ ቢቀዘቅዝም።

ትርፉ የሚቀመጠው የት ነው?

በ2005 በተቋቋመው በኳታር ኢንቨስትመንት ባለሥልጣን። በአብዛኛው ውጭ አገር ይገዛል፦ በ2010 የለንደኑን ሃሮድስ መደብር፣ የሻርድን ሕንጻ አብዛኛውን ድርሻ፣ ከቮልስዋገን የድምፅ መብት 17 በመቶ፣ ከሩሲያው ሮስኔፍት አክሲዮን። ፓሪስ ሴንት ዠርሜንን በ2011 የገዛው ኳታር ስፖርትስ ኢንቨስትመንትስ የተባለ ሌላ ተቋም ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ የተለመደ ስሕተት ነው።

እነዚህ ግዢዎች ለታይታ ብቻ አይደሉም። ትንሽ አገር በለንደን፣ በፓሪስና በበርሊን የሥራ ቀጣሪና የአክሲዮን ባለቤት ከሆነች ክፉ ቀን ሲመጣ ስልኳን የሚያነሳ ሰው አታጣም። ከዚህም በላይ ፈንዱ በአንድ ሌሊት ጥሬ ገንዘብ ሊሆን የሚችል መጠባበቂያ ነው፤ ይህም በ2017 ተፈትኗል።

ግብር አይከፈልም የሚባለውስ?

በደመወዝ ላይ ግብር የለም፤ ለዜጋም ለውጭ ሰውም። የውጭ ባለድርሻ ያለው ኩባንያ ከትርፉ 10 በመቶ፣ በነዳጅና በጋዝ ሥራ ላይ ከሆነ ቢያንስ 35 በመቶ ይከፍላል። ከ2019 ጀምሮ በትምባሆና በኃይል ሰጪ መጠጦች ላይ 100 በመቶ፣ ስኳር ባላቸው ለስላሳ መጠጦች ላይ 50 በመቶ የኤክሳይዝ ታክስ አለ። ሳዑዲና ኤሚሬትስ በ2018 የጀመሩትን የተጨማሪ እሴት ታክስ ግን ኳታር ስታዘገየው ኖራለች።

በ2017 ጎረቤቶቿ ሲዘጉባት እንዴት ተረፈች?

ሰኔ 5 ቀን 2017 ሳዑዲ፣ ኤሚሬትስ፣ ባሕሬንና ግብፅ ግንኙነታቸውን አቋርጠው የአየር፣ የባሕርና የየብስ መንገዱን ዘጉ። ኳታር ከየብስ ጋር የሚያገናኛት ድንበር አንድ ብቻ ነው፤ አቡ ሳምራ ላይ፣ ከሳዑዲ ጋር። ከምግቧ 40 በመቶ ያህሉ በዚያ በር ይገባ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሱፐርማርኬቶች ተራቆቱ። ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ 13 ጥያቄዎች ቀረቡ፤ አልጀዚራን ዝጊ፣ የቱርክን ጦር ሰፈር አስወጪ፣ ከኢራን ጋር ያለሽን ግንኙነት ቀንሺ የሚሉት ዋነኞቹ ነበሩ።

የዳነችው አስቀድማ በሠራቻቸው ነገሮች ነው። ሐማድ ወደብ በ2016 መጨረሻ ሥራ ጀምሮ ስለነበር በዱባዩ ጀበል አሊ በኩል ይመጣ የነበረው ኮንቴይነር በኦማኖቹ ሶሃርና ሰላላ ወደቦች ዞሮ በቀጥታ ገባ። ከቱርክና ከኢራን ምግብ በአውሮፕላን መጣ። የኳታር አየር መንገድ በኢራን ሰማይ ላይ መብረር ጀመረ፤ ጉዞው ረዘመ፣ ነዳጁም ጨመረ፣ ግን አልቆመም። ከሳዑዲ ይመጣ የነበረውን ወተት ለመተካት ባላድና የተባለው ኩባንያ ላሞችን በአውሮፕላን አስመጣ፤ የመጀመሪያዎቹ 165 በሐምሌ 2017 ገቡ። በበረሃ ላይ በቀዘቀዘ በረት ላም ማርባት ርካሽ ሥራ አይደለም፤ ውሃው ከባሕር ተጣርቶ፣ መኖው ከውጭ ተገዝቶ ነው። ቢሆንም አገሪቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ትኩስ ወተቷን ራሷ መቻል ብቻ ሳይሆን ወደ ውጭም መላክ ጀመረች።

ባንኮቹ የባሰ ተፈትነዋል። የጎረቤት ተቀማጮች ገንዘባቸውን አወጡ፤ ከኳታር ውጭ ባለው ገበያ ሪያሉ ከ3.64 ደከመ። መንግሥት ከፈንዱና ከማዕከላዊ ባንኩ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት 40 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አስገብቶ ችንካሩ እንዳይነቀል አደረገ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይህ ነው፦ በእገዳው ዘመን ሁሉ ዶልፊን በሚባለው ቧንቧ በቀን 2 ቢሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ገደማ የኳታር ጋዝ ወደ ኤሚሬትስ መፍሰሱን አላቋረጠም። ኤሚሬትስ ኤሌክትሪኳን የምታመነጭበት ጋዝ ነበር፤ ኳታር ቧንቧውን ብትዘጋ ኖሮ ደግሞ ውል አፍራሽ ተብላ የረጅም ጊዜ ደንበኞቿን ታሸሽ ነበር። ጠላቶች ሆነው የጋዙን ሒሳብ ይተሳሰቡ ነበር ማለት ነው። እገዳው ጥር 5 ቀን 2021 በአል ኡላ ስምምነት ተነሳ፤ ከ13ቱ ጥያቄዎች አልጀዚራም የቱርክ ሰፈርም አልተዘጉም።

የአሜሪካ ጦር ሰፈር ይዛ ሐማስንና ታሊባንን የምታስጠልለው በምን ሒሳብ ነው?

ሁሉም ወገን እንዲያስፈልጋት ሳይሆን እሷ ለሁሉም ወገን እንድታስፈልግ ነው። የአል ዑደይድን የአየር ሰፈር በ1990ዎቹ በራሷ ገንዘብ ሠራች፤ አሜሪካ በ2003 የአካባቢውን የአየር ማዘዣዋን ከሳዑዲ ወደዚያ አዛወረች። የታሊባን ቢሮ በ2013 ዶሃ የተከፈተው አሜሪካ እያወቀችና እየፈለገች ነው፤ የየካቲት 29 ቀን 2020ው ስምምነትም እዚያው ተፈረመ። የሐማስ የፖለቲካ ቢሮ ከ2012 ጀምሮ እዚያ ነበር፤ ኳታር ቢሮው የተከፈተው በዋሽንግተን ጥያቄ መሆኑን ትናገራለች። እስራኤልም ብትሆን ከ1996 ጀምሮ በዶሃ የንግድ ቢሮ ነበራት፤ በጥር 2009 በጋዛው ጦርነት ምክንያት ተዘጋ።

ስሌቱ ግን ዋስትና አይደለም። በ2025 በሦስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ከሁለት ተቃራኒ ወገኖች ተመታች፦ ሰኔ 23 ኢራን በአል ዑደይድ ላይ ሚሳኤል ተኮሰች፤ መስከረም 9 እስራኤል ዶሃ ውስጥ የሐማስ ተደራዳሪዎችን በአየር ደበደበች። በዚያው ወር መጨረሻ ኔታንያሁ ከዋይት ሐውስ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕም በኳታር ላይ የሚሰነዘርን ጥቃት ለአሜሪካ ደኅንነት እንደ ሥጋት የሚቆጥር ትዕዛዝ ፈረሙ። ለሁሉም አስፈላጊ መሆን ጥቃትን አላስቀረም፤ ማግስቱን ግን ለወጠ።

ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ጋር ያላት ግንኙነትስ?

ከፍ ዝቅ ያለ ነው። አዲስ አበባ በሚያዝያ 2008 የዲፕሎማሲ ግንኙነቷን አቋረጠች፤ ኳታር ከኤርትራ ጋር ያላት ቅርበትና የአልጀዚራ ዘገባዎች ምክንያት ተደርገው ተጠቅሰዋል። በ2012 ግንኙነቱ ታደሰ፤ በሚያዝያ 2017 የኳታር ገዢ ኤሚር ተሚም ራሳቸው አዲስ አበባን ጎበኙ። እገዳው የመጣው ከዚያ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው።

የጅቡቲና የኤርትራ ጉዳይ ደግሞ የሽምግልናዋን ድክመት ያሳያል። በራስ ዱሜራ ድንበር የተጣሉትን ሁለቱን አገሮች በ2010 አስማምታ በመካከላቸው ወታደሮቿን አሰፈረች። በሰኔ 2017 ሁለቱም ከሳዑዲ ጎን ሲቆሙ ወታደሮቿን አነሳች፤ ኤርትራ የተለቀቀውን ቦታ ያዘች ብላ ጅቡቲ ወዲያው ከሰሰች። የኳታር ሽምግልና የኤሚሩ ፍላጎትና ቦርሳ እስካለ ድረስ ይቆያል፤ ስምምነቱን የሚሸከም ተቋም ግን ትታ አትሄድም። በሱዳኑ ዳርፉር የ2011ዱ የዶሃ ሰነድም የገጠመው ዕጣ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ምርጫ አለ?

ነበረ። በጥቅምት 2021 ሕግ አውጪ ከሆነው ከሹራ ምክር ቤት 45 መቀመጫዎች 30ዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ተመረጡ። ማን መምረጥ ይችላል የሚለው ሕግ በተለይ ከአል ሙራ ጎሣ የተወሰኑ ዜጎችን ስላስቀረ ተቃውሞ አስነሳ። በኅዳር 2024 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ምርጫው ቀርቶ ኤሚሩ ሁሉንም ወደ መሾሙ ተመለሱ።

የ2022 ዓለም ዋንጫ አተረፈላት?

በቲኬት ሒሳብ አይታሰብም። ሲነገር የኖረው 200 ቢሊዮን ዶላር በአብዛኛው የሜትሮ፣ የመንገድ፣ የወደብና የሉሳይል ከተማ ወጪ ነው፤ ብዙው ውድድሩ ባይኖርም በ2008ቱ የ2030 ብሔራዊ ራዕይ ሊሠራ የታሰበ ነበር። የሠራተኞችን ሞት በተመለከተ የሚዞረው 6,500 የሚለው ቁጥር ከአምስት የደቡብ እስያ አገሮች መጥተው በአሥር ዓመት ውስጥ በማንኛውም ምክንያት የሞቱትን የሚመለከት እንጂ የስታዲየም ግንባታን ብቻ አይደለም። የአዘጋጅ ኮሚቴው ዋና ጸሐፊ በ2022 ራሳቸው «ከ400 እስከ 500» ብለው መናገራቸው ግን ሊዘለል አይገባም።

ጋዙ መቼ ያልቃል?

የሚጠቀሰው ክምችት 900 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ አካባቢ ነው። 142 ሚሊዮን ቶን ፈሳሽ ጋዝ በዓመት ለማምረት 7 ትሪሊዮን ያህል ይበቃል፤ አገር ውስጥ የሚነደውና በቧንቧ የሚሸጠው ቢጨመርም መቶ ዓመት ገደማ ይዘልቃል። ጥያቄው መሆን ያለበት በ2050 ማን ይገዛል የሚለው ነው። የ27 ዓመቱ ውል ሌላው ምክንያትም እዚህ ላይ ይታያል፤ ገዢው ወደ ፀሐይና ነፋስ ኃይል ከመዞሩ በፊት ማሰር።

ካፋላ (ሠራተኛውን ከቀጣሪው ፈቃድ ጋር የሚያስረው ሥርዓት) ቀርቷል ይባላል። ለቤት ሠራተኛ ምን ተለወጠ?

በወረቀት ብዙ ተለውጧል። ከመጋቢት 20 ቀን 2021 ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ 1,000 ሪያል ነው፤ ቀጣሪው ምግብ ካልሰጠ 300፣ መኝታ ካልሰጠ 500 ይጨምራል። የቤት ሠራተኞችንም ያጠቃልላል። የ2017ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ የቀን ሥራን በ10 ሰዓት ይገድባል፤ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት፣ በዓመት ሦስት ሳምንት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ፣ ሥራው ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ዓመት ቢያንስ የሦስት ሳምንት ክፍያ ያዝዛል። ፓስፖርት መያዝ የተከለከለ ነው። የኤጀንሲ ክፍያ ከደመወዝ መቁረጥም እንዲሁ።

ሥራ ለመቀየር የቀጣሪ ፈቃድ ቀርቷል፤ ማስታወቂያ ግን ግዴታ ነው። እስከ ሁለት ዓመት ያገለገለ የአንድ ወር፣ ከዚያ በላይ የሆነ የሁለት ወር ማስታወቂያ በሠራተኛ ሚኒስቴሩ የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት በኩል ያስገባል። የመኖሪያ ፈቃዱ ያልተቃጠለ፣ ወይም ካለቀ 90 ቀን ያላለፈው መሆን አለበት። ከአገር ለመውጣትም የቤት ሠራተኛ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት ለቀጣሪው ታሳውቃለች፤ ማሳወቅ ነው እንጂ ማስፈቀድ አይደለም።

ነገሩ የሚበላሸው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው፣ ቀጣሪው ማስታወቂያው እንደደረሰው «ጠፍታለች» ብሎ ሲያመለክት ወይም መኖሪያ ፈቃዷን ሲሰርዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሕጋዊ ሆና የገባችው ሕገ ወጥ ትባላለች። ስለዚህ ማስታወቂያው ከመግባቱ በፊት የውሉን፣ የመታወቂያውንና የፓስፖርቱን ፎቶ ኮፒ፣ የደመወዝ መልእክቶችንም ጭምር ከቤቱ ውጭ ላለ ሰው በስልክ መላክ ይጠቅማል። ማስታወቂያ ሳይሰጡ በደላላ ምክር ለነፃ ሥራ መውጣት ደግሞ ሕጉ የሰጠውን መብት በሙሉ በራስ እጅ መጣል ነው። ሁለተኛው፣ ስልክ የተቀማችና ከቤት የማትወጣ ሠራተኛ በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት የሚሰጥ መብትን የምትጠቀምበት መንገድ አለመኖሩ ነው። የሥራ ክርክር ኮሚቴው መዝገብ ከተከፈተ በሦስት ሳምንት ውስጥ መወሰን አለበት፤ አሠሪው ከስሮ ወይም ጠፍቶ ካልከፈለ የሠራተኞች ድጋፍ ፈንድ እንዲከፍል ሕግ ወጥቷል። እዚያ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ከበሩ መውጣት ያስፈልጋል።